አስታማሚ የሌለው የሕመም ፈቃድ

አዳማ፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ነፋሱ የመንገዱን አቧራ አንሥቶ በየቆርቆሮው ላይ ይበትናል። በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉት ኪራይ ቤቶች ወደ አንዱ ሁለት ጠያቂዎች ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዘው ገብተዋል። ታማሚዋ የባንክ ቴለር ናት፤ በሐኪም ወረቀት ቤት ከዋለች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። «እግዜር ይማርሽ» ይላሉ በዕድሜ ጠና ያሉት እንግዳ። «አሜን፣ ይኑሩልኝ እማማ» ብላ ከፍራሹ ትነሣለች። ከተነሣች ወዲያ አትቀመጥም። ፌስታሉን ተቀብላ ጓዳ ትገባለች፤ ከሰል ታያይዛለች፤ ቡናውን አጥባ ትቆላለች። «ኧረ ተይ፣ አንቺ ታመሽ!» ይባላል። ይባላል እንጂ ቡናው ሳይፈላ የሚነሣ እንግዳ የለም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይደርሳሉ፤ ትንሹ ደብተር ጠፍቶበታል።

አምና እዚሁ ፍራሽ ላይ የተኛው ባሏ ነበር። እሱም በሐኪም ወረቀት፣ እሱም የሥራ ጫና እንቅልፍ ነሥቶት። እነዚሁ ጎረቤቶች ያንኑ ብርቱካን ይዘው መጥተው ጠይቀውታል። ያን ጊዜም ቡናውን ያፈላችው እሷ ናት። ሥራ ሲመለስ ባልደረቦቹ «ተመቸህ መሰል፣ ፊትህ ወዝቷል» አሉት። እሷ የምትመለሰው በሚመጣው ሰኞ ነው።

ከአዳማ እስከ ሞጆ፣ ከመቂ እስከ ባቱና ሻሸመኔ፣ ደመወዝተኛ በበዛበት በዚህ የስምጥ ሸለቆ መስመር፣ እንዲህ ያለው ቤት ብርቅ አይደለም። ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካው፣ የአበባ እርሻው ሰው ያደክማል፤ የደከመው ይወጣል፤ የወጣው ይመለሳል፣ ወይም አይመለስም። ወንዱና ሴቷ ግን የሚወጡበትም የሚመለሱበትም በር አንድ አይደለም።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው በሽታ

«ጨነቀኝ» ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው እምብዛም ነው። ሰው የሚሄደው ሰውነቱ ሲናገር ነው። ራሴን ያቃጥለኛል፤ ልቤ ድው ድው ይላል፤ እንቅልፍ ራቀኝ፤ ጨጓራዬ ተነሣ። በአዳማ ጎዳና ከአማርኛው ጎን ለጎን የሚሰማው ኦሮምኛ ጭንቀትን «ዺጲና» ይለዋል፤ ቃሉ ከጥበት ጋር የተዛመደ ነው። አማርኛ ተናጋሪውም ቢሆን «ደረቴን ጠበበኝ» ነው የሚለው። በሁለቱም ቋንቋ ሕመሙ ቦታ እንደማጣት ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስም ግን ሌላ ነው፤ ጨጓራ፣ ደም ግፊት፣ የወገብ ሕመም፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ደግሞ ያ የማይጠፋው ታይፎይድ። ይህ ማታለል አይደለም፤ ጨጓራው እውነትም ያማል። ግን ሐኪሙም ታካሚውም ወረቀቱን ነገ ማን እንደሚያነበው ያውቃሉ። ለረጅም አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረው የአዲስ አበባው አማኑኤል ስሙ ብቻውን ሰው መስደቢያ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ የሥነ አእምሮ ባለሙያ በየክልሉ ሆስፒታሎች ይገኛል፤ ፍርሃቱ ግን አብሮ ተዛውሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ ብዛት መዛልን በበሽታዎች ምደባው ውስጥ ሲያሰፍር፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም ብሎ ነው።

ታዲያ ስም የሌለው ሕመም ስም የሚያገኘው ከታማሚው ፆታ ነው። አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው ሁለት ሰዎች ቢቀሩ፣ ስለ ወንዱ በቢሮው የሚወራው «ሥራ በዝቶበት ነው» የሚል ነው። ስለ ሴቷ «ሐሳብ ታበዛለች፣ ነርቭ አለባት» ይባላል። የእሱ ሕመም ከጠረጴዛው የመጣ፣ የእሷ ከጠባይዋ የተወለደ ይሆናል። በዓለም ዙሪያ ድባቴ በሴቶች ላይ ከወንዶች አንድ ተኩል እጥፍ ያህል እንደሚበዛ የሚነገረውም ለዚህ ወሬ ማጠናከሪያ ይሆናል እንጂ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሱ ሲመለስ ጠረጴዛው ይቃለልለታል፤ እሷ ስትመለስ ጠባይዋ ይጠበቃል።

ሠላሳኛው ቀን

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወንድ ሴት አይልም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም መሥራት ካልቻለ፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፤ ቀጥሎ ያሉት 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፤ የቀሩት 3 ወራት ያለ ደመወዝ። የመንግሥት ሠራተኛው በሌላ አዋጅ ይተዳደራል፤ የእሱ ሰፋ ያለ ነው።

የአዋጁ ስሌት በሰው ሕይወት ላይ የሚያርፈው በሠላሳኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ታማሚው ታማሚ ነው። ከዚያ ወዲያ የቤት ኪራይ ተከራይ፣ የእቁብ ባለዕዳ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ከፋይ ነው። ጭንቀት ደግሞ እንደ ወባ በሳምንት የሚለቅ አይደለም፤ ወራት ይፈልጋል። በግማሽ ደመወዝ ስለ ሙሉ ኪራይ እያሰቡ ከጭንቀት መዳን እንዴት ያለ መድኃኒት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እዚህ ላይ ስዊድንን ማንሣት ይጠቅማል። ስዊድኖች ከረጅም ውጥረት የሚመጣን መዛል በ2005 እ.ኤ.አ. በሐኪሞቻቸው መዝገብ ውስጥ ስም ሰጥተው አስገብተውታል፤ በዚህ ስም ፈቃድ ከሚወጡት ውስጥም ሴቶች እጅግ ይበዛሉ። ዋናው ነገር ግን ስሙ አይደለም። የእነሱ የሕመም ፈቃድ ሙሉ፣ ሦስት አራተኛ፣ ግማሽ ወይም ሩብ መሆን ይችላል። ታማሚው እየተሻለው ሲሄድ በቀን ሁለት ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስድስት። እኛ ዘንድ ሰው ወይ ታሟል ወይ ድኗል። ዓርብ ሙሉ ታማሚ የነበረች ሴት ሰኞ ጠዋት ሙሉ ሠራተኛ ናት።

> በስዊድን ግማሽ የሚሆነው ሥራው ነው። በእኛ ግማሽ የሚሆነው ደመወዙ ነው።

አንድ ቀዳዳ አለ፤ ሐኪሞች በወረቀቱ ግርጌ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ብለው ይጽፋሉ። ወገቡን ለታመመ የመጋዘን ሠራተኛ ቀላል ሥራ ምን እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል፤ ጆንያ አያነሣም። ክፍሏ በተማሪ ለታጨቀ መምህርት ቀላሉ ሥራ የትኛው ነው? ለቴለሯስ? የጎደለ ብር ከኪስ እንደሚከፈል እያወቀ ቀኑን ሙሉ ብር የሚቆጥር ሰው ሸክሙ ጆንያ ላይ አይደለም። ጥሩ አለቃ ያላት ለጥቂት ሳምንት ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ትዛወራለች። ጥሩ አለቃ ግን በአዋጅ የሚታደል አይደለም።

ማስረጃውም መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ድርጅት የወጣ መሆን አለበት። ጠበል ወረቀት አይጽፍም። ቁርኣን ያስቀራም ማኅተም ይዞ አይመለስም። ሶደሬ ፍል ውኃ ሁለት ቀን ተነክሮ የመጣ ወንድ ቅዳሜና እሑዱን ነው የተጠቀመው፤ ማንም አይጠይቀውም። ሁለት ሳምንት ጠበል የሰነበተች ሴት ግን ሕጉ ፊት በጽሑፍ አስጠንቅቀዋት ሳለ ያለ በቂ ምክንያት የቀረች ልትባል ትችላለች፤ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን እንዲህ መቅረት ያሰናብታል።

በአልጋው ጠርዝ የሚቀመጠው ሰው

በሆስፒታሎቻችን ውስጥ በደመወዝ መክፈያ ላይ የሌለ፣ እሱ ከሌለ ግን ሕክምናው የማይንቀሳቀስ ሠራተኛ አለ፤ አስታማሚ። ካርድ የሚያወጣው እሱ ነው፤ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው፣ የላብራቶሪ ውጤት የሚያመጣው፣ ሾርባ የሚያጎርሰው፣ ሌሊት ጋቢውን አንጥፎ ከአልጋው ሥር የሚተኛው። «እሱ» አልኩ በልማድ። የየትኛውንም ሆስፒታል ግቢ በማለዳ አይቶ የሚያውቅ ሰው ሳህን የያዘው ሰልፍ በአብዛኛው ነጠላ የለበሰ መሆኑን ያስታውሳል።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ባል ሲታመም ሚስት አለች፤ እናቱ ከገጠር ትመጣለች፤ እህቱ ሥራዋን አስፈቅዳ ትውላለች። ሚስት ስትታመም ባል ያዝናል፤ በቅንነት ያዝናል፤ ከዚያ እናቷ ጋ ይደውላል። የአንድ ወንድ የሕመም ፈቃድ፣ በደንብ ቢቆጠር፣ የአንዲት ወይም የሁለት ሴቶችን የዓመት እረፍት በልቶ ነው የሚያልቀው። አዋጁ ለታመመ ልጅ ወይም ለታመመ ወላጅ ብሎ በስሙ የጠራው ፈቃድ የለም። ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያለ ክፍያ፤ ከዚያ ያለፈው ከዓመት እረፍት ይነሣል። የዓመት እረፍቱ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ልጅ ኩፍኝ ያዘው፣ አማት ተኛች፣ ወንድም ተሰበረ፤ ቀኖቹ አለቁ። ሴቷ ራሷ የምትታመመው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ከፋይሉ ውፍረት ያውቁታል። የወንዱ ፋይል ውስጥ ያለው አንድ ረጅም ፈቃድ ነው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ተዘጋ። የሴቷ ፋይል በአንድ ቀን፣ በግማሽ ቀን፣ በሁለት ቀን ፈቃድ የተሞላ ነው። ይህ የተበጣጠሰ ፋይል በእድገት ጊዜ ሲገለጥ «መቅረት ታበዛለች» ተብሎ ይነበባል። የቀረችው ለማን እንደሆነ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። መንግሥት ተቀየረ፣ የሠራተኛ አዋጁ ደጋግሞ ተቀየረ፤ ስምምነቱ እስካሁን እንደ ጸደቀ አለ።

«ለቀቀች»

በፋብሪካና በእርሻ ሰፈር ይህ ሁሉ ክርክር ቅንጦት ይመስላል። ባቱ ላይ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ በፕላስቲክ ከተሸፈኑት የጽጌረዳ እርሻዎች ሠራተኛ የሚያመላልሱት ሰርቪሶች ገና ሳይነጋ ይነሣሉ። ከሚወርዱት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሥራው የሚከብደው ከጥር ወዲህ ነው፤ አውሮፓ የፍቅረኞችን ቀን በየካቲት መጀመሪያ፣ ቀጥሎም የሴቶችን ቀን ያከብራል፤ ለሁለቱም ጽጌረዳ ይፈልጋል። የሴቶች ቀን አበባ የሚቆረጠው ለትርፍ ሰዓት በቆሙ ሴቶች እጅ መሆኑን ለማስታወስ ብዙ ብልኃት አይጠይቅም።

እዚህ «ሲክ ወጣች» የሚለው ቃል ብዙ አይሰማም። የሚሰማው «ለቀቀች» ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርከን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ በ5 ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሰዎችን በዕጣ ለይቶ ተከትሏል። ሥራውን ካገኙት ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር ወጡ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ከአራት ሦስቱ የሚበልጡት ለቀቁ። ከሥራው ጋር የጤና ችግርም ጨምሮ ተገኝቷል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችም ከዚህ የተለየ ነገር የሚያወሩ አይደሉም።

አሠሪዎች ይህን «የሥራ ባህል ገና አልለመዱም» ብለው ያልፉታል። ከፊል እውነት ይኖረው ይሆናል። ለእኔ ግን ብዙዎቹ መልቀቂያዎች ያልተጻፉ የሕመም ፈቃዶች ሆነው ይታዩኛል። ልጅቷ ራሷን አመማት፣ እንቅልፍ አጣች፣ ወረዳዋ ሄዳ ሁለት ወር እናቷ ቤት ተኛች፣ ተሻላት፣ ተመልሳ ሌላ በር አንኳኳች። ስዊድናዊት ብትሆን ይህ በመዝገብ «ፈቃድ ወጣች፣ ተመለሰች» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ባቱ ላይ የተጻፈው የአንዷ መልቀቅና የሌላዋ መቀጠር ነው፤ ከመጀመሪያ ደመወዟ ጀምራ፣ ከአዲስ የሙከራ ጊዜ ጋር።

> ስንቷ ተመለሰች ብሎ ለመቁጠር፣ መጀመሪያ የወጣችው መዝገብ ላይ መኖር አለባት።

ወንዱስ?

ወንዱ ተመቸው ማለት አይደለም። ቶሎ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ሳይድን ይመለሳል። የጅቡቲን መስመር የሚነዳው የከባድ መኪና ሾፌር አዳማ ሲደርስ ዓይኑ ደም መስሎ ነው። ኑሮው በአበል ላይ ነው፤ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ አበል የለም። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ አይሄድም፤ ጫት አለ፣ ማታ ቢራ አለ፣ ረዳቱ ላይ መጮኽ አለ። ቢሮ ያለውም በሠላሳኛው ቀን ሱሪውን ተኩሶ ይገባል፤ ቤት ውስጥ ቀን በቀን የታየ ወንድ በሰፈር «ሥራ ፈታ እንዴ?» ይባላል። ለሴቷ ቤት መዋል የተለመደ ነው፤ ለወንዱ ውርደት ነው። እሷን ቤት የሚያስቀረው ያው ልማድ እሱን ከቤት ያባርረዋል። በብዙ አገሮች ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ሲታሰብ፣ በሠላሳኛው ቀን መመለስ ሁልጊዜ መዳን አለመሆኑ ግልጽ ነው።

አስታማሚ ያገኘ ወንድ ግን ቢያንስ ተኝቷል። ሠላሳ ሌሊት፣ ሠላሳ ቀን፣ ሌላ ሰው ምሳውን እያቀረበለት።

ቀነፋ

ሴት እንድታርፍ ማኅበረሰቡ ሙሉ በሙሉ የተስማማበት አንድ ጊዜ አለ፤ ስትወልድ። አራስ ቤት ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የሴቶቹ ተራ አለ፤ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ቆጥሮ በክርስትና የሚደመደም ወግ አለ። አዋጁም ቢሆን ለወሊድ የሰጠው ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ለአባት 3 ቀን።

ከሁሉ ግን የሚገርመኝ የኦሮሞ እናቶች ቀነፋ ነው። የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ የምታስራት ትንሽ እንጨት ናት። ቀነፋ ያሰረችን ሴት ለወራት ማንም አይቆጣትም፣ አይሰድባትም፣ እጁን አያነሣባትም፤ ባልም ቢሆን። ድፍረት ቢፈጽምባት ጉዳዩ የእሷ ብቻ አይሆንም፤ ሴቶቹ ሲንቄ የሚሉትን በትራቸውን ይዘው ይነሣሉ። ይህ ሥርዓት የሐኪም ወረቀት የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል። የሚታይ ነው። መንገድ ላይ ያያት ሁሉ አሁን ከዚህች ሴት ምን እንደማይጠየቅ ያውቃል።

የጭንቀት ሕመም እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ስብራት ጀሶ አለው፤ የስኳር ሕመምተኛው መርፌ አለው። የዛለች ሴት ያላት የታጠፈ ወረቀት ነው፤ እሱም ፋይል ውስጥ ነው። ጎረቤት የሚያየው በደንብ የለበሰች፣ የምትራመድ፣ ቡና የምታፈላ ሴት ነው።

ሰኞ

ቴለሯ ከመታመሟ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ነገር ሆኖ ነበር፤ የቤት ሠራተኛዋ ወጣች። ሐኪሙ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችው። ጠያቂዎቹ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። በረካው ላይ ሲደርሱ ወሬው ከበሽታው ወጥቶ ወደ ደላላው ዞሯል፤ «አንዲት ልጅ ከአርሲ መጥታለች ብሎኛል፣ ጨዋ ናት አለ።» የሕመም ፈቃዷ ማብቂያ ቀን የሚወሰነው በዚህች ልጅ መምጣት ነው። እሷ ከመጣች ሰኞ ሥራ ይገባል። ካልመጣች ሌላ ወረቀት መፈለግ ነው፤ ያውም ከሠላሳኛው ቀን ወዲያ በግማሽ ደመወዝ፤ በግማሽ ደመወዝ ደግሞ ሠራተኛ አይቀጠርም።

የቤት ሠራተኛ ሥራ ከአዋጅ 1156 ውጭ ነው፤ በደንብ ይተዳደራል ተብሎ ተትቷል። የሙከራ ጊዜ የለም፣ 16 ቀን የለም፣ አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ የለም። የታመመች ሠራተኛ ሁለት ቀን ትታገሣለች፣ በሦስተኛው እቃዋን በፌስታል ቋጥራ ትሄዳለች፤ ደላላው ሌላ ያመጣል።

ልጅቷ እሑድ ማታ ደረሰች። ሰኞ ማለዳ ቴለሯ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ወደ ኩሽና ብቅ ስትል ምጣዱ ግሏል፤ አምስተኛው እንጀራ ተነሥቷል። ልጅቷ ግንባሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«አይ፣ ትንሽ ራሴን ነው እትዬ።»

ውጭ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱ መከፈት አለበት።